ዝምታን የፈራ ድምፅ

በአሜሪካም በአውሮፓም ለየት ያለ ሱስ ያለባቸው ሰብሳቢዎች አሉ። የሚሰበስቡት ከአርባ ዓመት በፊት ከሬዲዮ በካሴት የተቀዱ የሙዚቃ ፕሮግራሞችን ነው። ዘፈኖቹን ፈልገው እንዳይመስላችሁ። ዘፈኖቹማ ዛሬ ጥርት ብለው፣ ሳይቆራረጡ፣ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ ላይ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያሳድዱት ያደፈውን ቅጂ ነው፤ አቅራቢው መግቢያው ላይ እየለፈለፈ የሸፈነውን፣ ማብቂያው ሳይደርስ ማስታወቂያ የገባበትን፣ የጣቢያው ስም በዜማ ጣልቃ የሚገባበትን፣ ካሴቱ የሚያፏጭበትን። ይባስ ብሎ ከስብስቦቹ ብዙዎቹ ዘፈኑ ተቆርጦ ወጥቶ ወሬው፣ ጂንግል የሚባለው የጣቢያው አጭር ዜማና የአየር ሁኔታ ዘገባው ብቻ የቀሩባቸው ናቸው።

የሙዚቃ ጣቢያን ሙዚቃውን አውጥቶ የሚያደምጥ ሰው ምኑን ነው የሚያደምጠው? «ትዝታ ነዋ!» ብሎ መገላገል ይቻላል። ትዝታ ግን ሁሉን የሚያስረዳ እየመሰለ ምንም ሳያስረዳ የሚቀር መልስ ነው። የተናፈቀ ነገር ካለ መልክ ሊኖረው ይገባል፤ መልክ ያለው ነገር ደግሞ ይመረመራል። የሰማንያዎቹ የትልቅ ከተማ ሬዲዮ ድምፅ መልክ ነበረው። በመሐንዲስ፣ በነጋዴና በለፍላፊ የተሠራ፣ ከዘፈኖቹ ተለይቶ የቆመ ነገር ነበር። ከውስጡ የወጣው ትልቁ ስጦታ ግን ሠሪዎቹ አስበውበት የሰጡት አይመስለኝም።

ነገሩን በአንድ ከተማ ላይ አሳርፈን እንየው፤ ኒው ዮርክ ላይ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ። በዚያች ከተማ ከ1960 ጀምሮ የወጣቱን ጆሮ የያዘው ደብሊው ኤ ቢ ሲ የሚባል የኤ ኤም ጣቢያ ነበር። በ770 ኪሎ ኸርዝ፣ በ50,000 ዋት ጉልበት ያሰራጫል። ፀሐይ ስትጠልቅ የኤ ኤም ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ስለሚመለስ፣ ድምፁ ሌሊት ሌሊት ብዙ ግዛቶችን አቋርጦ ይሰማ ነበር። ጣቢያው በሚያሰራጨው ድምፅ ሁሉ ላይ፣ በአቅራቢው ንግግር ላይ ሳይቀር፣ የገደል ማሚቶ የመሰለ ማስተጋቢያ ይጨምርበታል። ከአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ የወጣው ድምፅ ከሰፊ አዳራሽ የመጣ ይመስላል። የከተማውን ትልቅነት ያላየው የገጠር ልጅ ትልቅነቱን በጆሮው ይሰማው ነበር።

ሜይ 10 ቀን 1982 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይህ ጣቢያ ሙዚቃ ማሰማቱን አቁሞ ወደ ንግግር ፕሮግራም ዞረ። የመጨረሻውን ፕሮግራም ያቀረቡት ዳን ኢንግራምና ሮን ለንዲ ነበሩ። ኤፍ ኤም ጥርት ያለ ስቴሪዮ ይዞ ከመጣ ወዲህ አድማጩ አንድ በአንድ ሲኮበልል ቆይቷል፤ በ1978 ደብሊው ኬ ቲ ዩ የተባለ የኤፍ ኤም ጣቢያ ዲስኮ ብቻ እያጫወተ በጥቂት ወራት ውስጥ አንደኛነቱን ነጥቆታል። በኤ ኤም ዘመን ክብር የሚለካው በርቀት ነበር፤ ድምፅህ የት ድረስ ይሰማል ነው ጥያቄው። የኤፍ ኤም ሞገድ ግን ከአድማስ ብዙም አያልፍም። ርቀት ሲቀር የፉክክሩ መለኪያ ሌላ ሆነ፤ ከጎረቤትህ ጣቢያ ይልቅ ምን ያህል ደምቀህ ትሰማለህ የሚል።

ኦገስት 2 ቀን 1983 ዜድ 100 የተባለ ጣቢያ በ100.3 ሜጋ ኸርዝ ሥራ ጀመረ። ስቱዲዮው ከሀድሰን ወንዝ ማዶ፣ በኒው ጀርሲዋ ሴኮከስ ነበር፤ አንቴናው ግን ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ። ስኮት ሻነን የሚባል አቅራቢ ከፍሎሪዳዋ ታምፓ ይዞት በመጣው የቅብጥብጥና የጫጫታ የጠዋት ፕሮግራም ከተማውን ቀሰቀሰው። ጣቢያው ሲኩራራበት እንደኖረው በ74 ቀን ውስጥ ከመጨረሻው ተነሥቶ አንደኛ ሆነ። የዚያ ዘመን ድምፅ ምን ይመስል ነበር ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እዚህ ነው።

የዚያን ድምፅ ምሥጢር ለማወቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች አንዲት የብረት ሣጥን መክፈት ያስፈልጋል። ቦብ ኦርባን የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ በ1975 ኦፕቲሞድ የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በ1980 ደግሞ 8100 የተባለው ሞዴል ተከተለ። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ሙዚቃ በተፈጥሮው ከፍታና ዝቅታ አለው፤ ዘፋኙ ያንሾካሹካል፣ ከበሮው ይመታል፣ መለከቱ ይጮኻል። ሣጥኗ ዝቅ ያለውን ታነሣዋለች፣ ከፍ ያለውን ትጫነዋለች። የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ ትቆጣጠራለች፤ ከልኩ ሊያልፍ ያለውን ጫፍ ትከረክመዋለች። ከሌላው ጫፍ የሚወጣው ድምፅ ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ ነው። ትንፋሹም፣ ከበሮውም፣ የሳሙና ማስታወቂያውም እኩል ይደምቃሉ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ሕግ ነው። በአሜሪካ ደንብ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሞገዱ ከተመደበለት ቦታ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ75 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንዳይወዛወዝ ተከልክሏል። ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው። ጣሪያውን ማለፍ ያስቀጣል፤ ቀኑን ሙሉ ከጣሪያው ሥር ንቅንቅ ሳይሉ መኖር ግን አልተከለከለም። በዚያ ላይ ኤፍ ኤም ቀጭኑን ድምፅ ከመላኩ በፊት አጉልቶ የመላክ፣ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ መልሶ የመቀነስ ልማድ አለው፤ የሞገዱን ሹክሹክታ ለማጥፋት የተደረገ ብልሃት ነው። የሰማንያዎቹ ዘፈን ደግሞ በሲንተሳይዘርና በኤሌክትሮኒክ ከበሮ የተሞላ፣ ቀጭኑ የበዛበት ዘፈን ነበር። ብልሃቱና ዘፈኑ ሲገናኙ ጣሪያው ቶሎ ይሞላል። መሐንዲሶች ሌሊቱን ቁልፍ ሲያዞሩ ያደሩት ይህን ለማስታረቅ ነው። ከዜድ 100 መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ፍራንክ ፎቲ ኋላ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ እንዲህ ያለውን ሣጥን ለዓለም ጣቢያዎች መሸጥ መተዳደሪያው ሆነ።

ሣጥኗን በስግብግብነት ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። አድማጩ የተቀመጠው ፀጥ ባለ ሳሎን አይደለም። መኪና ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ የጭነት መኪና ጎኑን ይዞ ያልፋል። ወይም ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ውኃ እየፈሰሰ። በእንዲህ ያለ ቦታ ረጋ ያለው የሙዚቃ ክፍል ተውጦ ይቀራል። የከተማው ጫጫታ ሬዲዮውን ጮክ አስባለው፤ ሬዲዮውም በተራው ጫጫታው ላይ ተጨመረ። ከሁለቱ ማን ማንን እንደጀመረ መለየት አይቻልም።

ጩኸቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ስም መታወስ አለበት። የሬዲዮ አድማጭን ይቆጥር የነበረው አርቢትሮን የተባለ ድርጅት ለተመረጡ ሰዎች ደብተር ይልክ ነበር። ሰዎቹ ለአንድ ሳምንት መቼ፣ የትኛውን ጣቢያ እንዳደመጡ በእጃቸው ይጽፉበት ነበር። በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ አምስት ደቂቃ ያደመጠ ሰው ሩብ ሰዓቱን በሙሉ እንዳደመጠ ይቆጠር ነበር። የማስታወቂያ ዋጋ ይወሰን የነበረው በዚህ ደብተር ነው። ታዲያ ባለ ደብተሩ የጣቢያውን ስም ከረሳ ማድመጡ ለጣቢያው ምን ይጠቅማል? ስሙ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው የሚነሣው፣ የሚዘመረው፣ በማሚቶ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። እንደ ራስ ወዳድነት የሚሰማን ነገር ከሥሩ የአንድ እርሳስ ጉዳይ ነበር።

ስሙን የሚዘምሩት ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ያሉ ሰዎች አይደሉም። የጂንግል ዋና ከተማ የቴክሳሷ ዳላስ ነበረች። ፓምስ የተባለው ድርጅት እዚያ ሙያውን ፈጠረ፤ ኋላም በ1974 የተቋቋመው ጃም ተተካበት። ጥቂት ድምፃውያን ማይክ ከብበው የአንዱን ከተማ ጣቢያ ስም በአምስት ሰኮንድ ዜማ ይዘምራሉ፤ ቀጥለው በዚያው ዜማ የሌላውን ከተማ ያወጣሉ። ለንደን ያለው የቢቢሲ ሬዲዮ 1 ሳይቀር ከ1976 ጀምሮ ጂንግሉን ከጃም ያስመጣ ነበር። የኒው ዮርክ ሰው «ይህ የከተማዬ ድምፅ ነው» ብሎ የሚወደው ዜማ ዳላስ ተቀድቶ በፖስታ የመጣ ነው። ይህ ውሸት ነው እንዳንል ግን እጠነቀቃለሁ። ደወል የትም ይሠራ የት፣ ደብሩ የሚታወቀው በደወሉ ነው።

አሁን ወደ ስቱዲዮው እንግባ። ሙዚቃው በአብዛኛው ከሸክላ ላይ በቀጥታ አይጫወትም። እያንዳንዱ ዘፈን፣ እያንዳንዱ ጂንግል፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ለየብቻው መዳፍ በምታህል የፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ተቀድቷል። በውስጧ ያለው ቴፕ ጫፍና ጫፉ የተገጠመ ክብ ነው፤ ተጫውቶ ሲያበቃ አድማጭ የማይሰማው ምልክት ራሱ መነሻው ላይ ያቆመዋል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አቅራቢው ፊት ብዙ ካርትሪጆች ተደርድረዋል። የእያንዳንዷ ጀርባ ላይ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ስንት ሰኮንድ እንዳለ ተጽፏል፤ 14 ወይም 21 ወይም 8። ማብቂያው በድንገት የሚቆም ይሁን እየሰለለ የሚጠፋም ተጽፏል። አቅራቢው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ያለፈው ዘፈን ሊሰልል ሲል ጂንግሉን ይለቃል፤ የጂንግሉ የመጨረሻ ፊደል ሳያልቅ አዲሱ ከበሮ ይመታል፤ እሱ ሰዓቱን፣ የሙቀቱን ልክ፣ የሽልማቱን ስልክና አንዲት ቀልድ በ14 ሰኮንድ አጭቆ ዘፋኙ አፉን ሊከፍት ሲል የራሱን ይዘጋል። ግማሽ ሰኮንድ ቢያልፍ ተበላሸ፤ ግማሽ ሰኮንድ ቢቀድም ባዶ ቀዳዳ ተፈጠረ። ይህን በሰዓት አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ያደርገዋል።

እንዲህ ያለውን ጥበብ ዘፈን አበላሽ ብሎ የሚንቅ ሰው ሞልቷል፤ ሙዚቀኞችም ሲያማርሩ ኖረዋል። አንዳንድ ጣቢያዎችማ የመጫወቻውን ፍጥነት በመቶ ሁለት ሦስት እጅ ከፍ አድርገው፣ ያንኑ ዘፈን ከጎረቤት ጣቢያ የሰማው ሰው እዚያ ጎተት ያለ እንዲመስለው ያደርጉ ነበር። ሆኖም የአቅራቢው እጅ የሚሠራውን ልብ ብሎ ላየ፣ የተበላሸው ዘፈን በምትኩ ሌላ ነገር ወልዷል። ሦስት ዓመት ተለፍቶበት የተቀዳ ሙዚቃ፣ ትናንት ዳላስ የተዘመረ ስምና በዚህች ቅጽበት ከሰው አፍ የወጣ ቃል በአንድ ምት ላይ ተሰፍተዋል። ያለፈውና ያለው ስፌቱ ሳይታይ አንድ ልብስ ሆነዋል። ድምፁን «አሁን» ያሰኘው ይህ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ጊዜ ሲመራመር መዝሙር ሊዘምር የተዘጋጀን ሰው በምሳሌነት አቅርቧል። ሳይጀምር መዝሙሩ ሁሉ በተስፋው ውስጥ ነው፤ እየዘመረ ሲሄድ ከተስፋ ወደ ትውስታ ይሻገራል። ሰው ጊዜን የሚለካው በነፍሱ ውስጥ በዚህ መሸጋገር ነው ይላል። የሰማንያዎቹ ሬዲዮ ከዚህ መዝሙር ትውስታን ቀንሶ ተስፋን ብቻ ያስቀረ ይመስለኛል። ዘፈን ሲያበቃ የሚያስታውሱበት ፋታ የለም፤ ሌላው መጥቷል። አቅራቢው ያለፈውን ዘፈን ስም ላይነግርህ ይችላል፤ የሚመጣውን ግን ሦስቴ ይነግርሃል። እንዳትሄድ ነው። ተወዳጁ ዘፈን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ተመልሶ መምጣቱ ስለማይቀር ማስታወስም አያስፈልግም። ዝምታን ክፉኛ የፈራው ለዚህ ነው። ዝምታ አድማጩ ራሱን የሚያስታውስበት ቀዳዳ ነው፤ ራሱን ያስታወሰ አድማጭ ደግሞ ቁልፉን ሊያዞር ይችላል።

ይህ ክስ ነው፤ ክሱን አልመልሰውም። ክሱ ሙሉ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ግን አለ። ዜድ 100 ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1983 ምሁሩ ቤኔዲክት አንደርሰን «ምናባዊ ማኅበረሰቦች» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ጋዜጣ አንባቢ ብቻውን ተቀምጦ ሲያነብ በዚያው ጠዋት ሺዎች ያንኑ እያነበቡ እንደሆነ ያውቃል፤ የማያያቸው ሰዎች ወገኖቹ የሚሆኑት በዚህ እውቀት ነው ይላል። ሬዲዮ ይህን ከጠዋት ወደ ሰኮንድ አወረደው። ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሾፌር ከጎኑ ካለው መኪና መስኮት ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ ቃል ሲሰማ የአንደርሰን ሐሳብ በጆሮው ተረጋገጠለት ማለት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አረንጓዴው ሲበራ ይለያያሉ። ግን ለአንዲት ስንኝ ያህል አብረው ነበሩ፤ አብረው እንደነበሩም ያውቃሉ።

በጠጅ ቤት አዝማሪ እያንዳንዱን እንግዳ በስሙ አንሥቶ ያወድሳል፣ ይነካካል፤ ፊቱን አይቶ ነው የሚገጥመው። የሬዲዮ አቅራቢም ሁልጊዜ የሚያናግረው አንድን ሰው ነው፤ «እናንተ» አይልም፣ «አንተ፣ አንቺ» ነው ነገሩ። ልዩነቱ ፊቱን አያየውም። ለማያውቀው አንድ ሰው ይናገራል፤ ሚሊዮኖች ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብለው ይሰማሉ። ሰብሳቢዎቹ ዘፈኑን ቆርጠው ወሬውን የሚያስቀሩበት ምክንያት እዚህ ጋ ይገለጥልኛል። ዘፈኑ የማንም ቀን ዘፈን ነው። «ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፣ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቋል» የሚለው ወሬ ግን የአንድ ቀን፣ የአንድ ከተማ፣ የአንድ ሕዝብ ነው። ማንም ብቻውን ያልነበረበት ቅጽበት ማስረጃ ነው።

«ሕዝብ» ካልን ደግሞ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ሣጥኗ ድምፅን ሁሉ አስተካክላለች፤ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ግን አላስተካከሉም። ጣቢያዎች የዘፈንን ጥቂት ሰኮንድ በስልክ እያሰሙ ሰው ወደደው ጠላው ብለው ያጠኑ ነበር፤ ከ1979 በኋላ ደግሞ የአንድሩ ኢኮኖሞስ ኩባንያ የሠራው ሴሌክተር የተባለ ፕሮግራም የቀኑን ዝርዝር በኮምፒውተር ያወጣላቸው ጀመር። በፌብሯሪ 1986 የኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን ዜና ዘፈን ለማስጫወት በደላላ በኩል ስለሚከፈል ጉቦ ያቀረበው ዘገባ ትላልቅ የሸክላ ኩባንያዎችን ከደላሎቹ ጋር የነበራቸውን ውል አስቋረጣቸው። ስለዚህ «ከተማው የወደደው» ተብሎ የሚቀርበው ዝርዝር ከተማው፣ ስልኩ፣ ማሽኑና ገንዘቡ ተማክረው ያወጡት ነበር።

የኒው ዮርክ ትልቁ አዲስ ድምፅ፣ ራፕ፣ ወደ ሬዲዮ የገባው በዚህ የፊት በር አልነበረም። ሚስተር ማጂክ በ1982 በ107.5 በሚሰማው በደብሊው ቢ ኤል ኤስ፣ ዲጄ ሬድ አለርት ደግሞ በ1983 በ98.7 ኪስ ላይ በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ራፕ ማጫወት ጀመሩ። ሁለቱም የጥቁር አድማጭ ጣቢያዎች ነበሩ። የብሮንክስና የኩዊንስ ልጅ ቅዳሜ ማታ ካሴቱን አዘጋጅቶ፣ ጣቱን መቅጃው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ካሴቱ በማግስቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ታዋቂ ዘፈኖችን የሚደጋግሙት ትላልቆቹ ቶፕ 40 ጣቢያዎች ራፕን አምነው ለመቀበል ዓመታት ወስዶባቸዋል። የከተማው ድምፅ ነኝ ባዩ ጣቢያ ከተማው እየፈጠረ ያለውን ድምፅ መጨረሻ ከሰሙት አንዱ ነበር። የአንድነት ስሜቱ እውነት ነው፤ አንድነቱ ግን ሁሉንም አይጨምርም ነበር።

ድምቀትም ብቸኛው የመቅረቢያ መንገድ አልነበረም። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ በሆነው ደብሊው ኤች ዩ አር፣ ሜልቪን ሊንድሲ የተባለ ወጣት ከ1976 ጀምሮ ምሽት ላይ ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖችን ረጋ ባለ ድምፅ ያቀርብ ነበር። «ኳይት ስቶርም» የተባለው ፕሮግራሙ በሰማንያዎቹ በየከተማው ተቀዳ። ሊንድሲ ብዙ አያወራም፣ አይጮኽም፤ አድማጭ ወደ ሬዲዮኑ እንዲጠጋ ያደርገው ነበር። ከዜድ 100 ጩኸት ይልቅ የሊንድሲ ዝግታ ብልሃት የበዛበት ሳይሆን አይቀርም። አብሮነቱ ግን ያው ነው፤ በዚያው ሰዓት መብራት ቀንሰው የሚሰሙ ብዙ ቤቶች እንዳሉ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል።

የእኛም ሰዎች በዚያው ከተማ ነበሩ። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከፍቶላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሰፈሩ፤ ብዙዎቹም ታክሲ ነዱ። በ1982 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭቱን ከዚያችው ከተማ ጀመረ። ነገሩ ግን እንግዳ መልክ ነበረው፤ የአሜሪካ ድምፅ ለውጭ አገር የተቋቋመ ስለሆነ ለአገር ውስጥ አድማጭ እንዳያሰራጭ ሕጉ በዚያን ጊዜ ያግደው ነበር። አማርኛው የሚነበብበት ስቱዲዮ አጠገብ ታክሲውን ያቆመ ሾፌር በመኪናው ሬዲዮ የሚያገኘው እንግሊዝኛውን ዘፈን ነው፤ አማርኛው ከራሱ ላይ አልፎ በአጭር ሞገድ አዲስ አበባ እናቱ ዘንድ ይደርሳል። ሾፌሩ ከማያውቀው ከተማ ጋር አብሮ ይሰማል፤ እናቱ ልጇ ካለበት ከተማ የሚመጣ ድምፅ ትሰማለች። ሬዲዮ ሰውን እንደሚያገናኝ ስንናገር ከማን ጋር እንደሚያገናኘው የሚወስነው ሌላ እንደሆነ አንርሳ። አዲስ አበባ በበኩሏ በሰማንያዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ ከአገር ውስጥ የምትሰማው የመንግሥትን ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ ጣቢያዎች በድምቀት የሚሻሙበት የኤፍ ኤም ፉክክር የደረሳት ብዙ ቆይቶ፣ ሸገር 102.1 ሥራ በጀመረበት በ2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አካባቢ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የዚያ ድምፅ መሠረት የተናደው ቀስ በቀስ ነው። እስከ 1984 አንድ ባለቤት በመላ አገሪቱ ከ7 በላይ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሊኖረው አይችልም ነበር፤ ከዚያ ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ አለ። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አገር አቀፉን ገደብ ጨርሶ አነሣው። ጥቂት ኩባንያዎች መቶዎችን ገዙ፤ አንድ አቅራቢ በአንድ ከተማ ተቀምጦ የብዙ ከተሞችን ፕሮግራም አስቀድሞ ይቀዳ ጀመር። ያን ጊዜ «አሁን» የሚለው ቃል ከሬዲዮው ወጣ፤ ድልድዩ ላይ መኪና መጨናነቁን የሚናገረው ሰው ድልድዩን የማያውቅ ሆነ። ቀጥሎ ዘፈንን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የሚያቀርቡ አገልግሎቶች መጡ። እኔ የምወደውን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፤ በዚህች ሰኮንድ ያንኑ ዘፈን ከእኔ ጋር የሚሰማ ሰው መኖሩን ግን ሊነግሩኝ አይችሉም፤ ምናልባት የለምና።

ስለዚህ ብይኔን ልስጥ። የዚያ ዘመን ሬዲዮ ድምፅ የንግድ ድምፅ ነበር፤ ከሣጥኗ እስከ ጂንግሉ፣ ከፍጥነቱ እስከ ዝምታ ፍራቻው ለማስታወቂያ ዋጋ ሲባል የተሠራ ነው። ቅዱስ አድርጎ ማሰብ አያስፈልግም፤ የዘፈንን ለስላሳ ትንፋሽ በልቷል፣ በር ላይ ብዙዎችን መልሷል፣ ሰውን ከራሱ ጋር የሚያገናኘውን ፋታ ነጥቋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ትርፍና አብሮነት በአጋጣሚ በአንድ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ነጋዴው ብዙ የሚያገኘው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሲሰማ ነበርና። ዛሬ ትርፉ ያለው ሰውን ከሰው ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የብቻውን በማቅረብ ነው። ሁለቱ መንገዶች ተለያይተዋል። ከእንግዲህ አብሮ መስማት የሚፈልግ ሕዝብ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ነገሩን ዐውቆ፣ ጊዜና ገንዘብ መድቦ ራሱ ማቆም አለበት፤ ነጋዴ እንደ ድሮው መርቆ አይሰጠውም።